በዘመነ ጽጌ፣ በሰሜን ገደል አፋፍ

ክረምት አልፎ ምድር በአደይ አበባ በምትሸለምበት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው፣ ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ በምትጠራው ወራት፣ የሰሜን ተራሮች ለተመልካች ፊታቸውን ይገልጣሉ። ከዚያ በፊት በሐምሌና በነሐሴ የወጣ መንገደኛ ከጉም በቀር እምብዛም የሚያየው የለም፤ ከዚያ በኋላ በየካቲትና በመጋቢት የሄደም እንደ ሆነ ገደሉን ቢያይ ፏፏቴው ቀጥኖ፣ ሣሩ ደርቆ፣ ቆላውም በአቧራ ጭጋግ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። በጥቅምት ግን ወንዙ ገና አልጎደለም፣ አየሩ በዝናም ታጥቧል፣ በእግር ብዙ ቀን የሚያስኬደውንም አገር ዓይን በአንድ ጊዜ ያዳርሰዋል።

ጊዜና አቅም የተሟላለት ሰው ድንኳንና ስንቅ በበቅሎ አስጭኖ ከሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም እስከ ራስ ዳሸን በእግሩ ሊወጣ ይችላል፤ ለብዙዎቻችን ግን የሚቻለው ከጎንደር በሌሊት ተነሥቶ በማታ መመለስ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ጉዞ፣ ከአምስት ከስድስት ሰው በማይበልጥ ማኅበር፣ የአገሩ ተወላጅ በሆነ አንድ አስጎብኚ መሪነት ስለሚደረገው ጉዞ፣ ከልቤ የምናገረው አለኝ። በጉባኤ ቤት ተማሪው አስቀድሞ ንባቡን ይዞ ትርጓሜውን ከመምህሩ አፍ እንደሚቀበል ሁሉ፣ ሰሜንን የሚያይ ሰውም ንባቡን በገዛ ዓይኑ ያገኘዋል፤ ትርጓሜው ግን በዚያ ተራራ ላይ ተወልዶ፣ በብርዱ አድጎ፣ በገደሉ ጫፍ ከብት ጠብቆ ካደገ ሰው ካልተቀበለው ከቶ አይገኝም። ማኅበሩ ትንሽ እንዲሆን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ ሠላሳ ሰው የሚከተለው አስጎብኚ ይጮኻል እንጂ አያስተምርም፣ የሚጮኸውንም ድምፅ ሰምተው አራዊቱ ቀድመው ይሸሻሉ።

ቀኑ እሑድ ነበር። ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ከጎንደር ስንነሣ አድባራቱ የማሕሌተ ጽጌውን አገልግሎት ገና አልፈጸሙምና የአንዱ ደብር ከበሮ ሲበርድ የሌላው ይነሣ፣ ጽናጽሉም በቀዝቃዛው አየር ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ የተሰበሰብነው ስድስት ነን፤ ለብዙ ዘመን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ያረፉ አንድ መምህርና ባለቤታቸው፣ ከባሕር ዳር የመጡ ሁለት ወጣት ነርሶች፣ እናቱ የዳባት ተወላጅ ሆነው እርሱ ግን በአሜሪካ በቨርጂኒያ ያደገ አንድ ጎልማሳ፣ እኔም። አስጎብኚያችን የጃናሞራ ልጅ ነው። መምህሩን ‹ጋሼ›፣ ባለቤታቸውን ‹እማማ› እያለ በማክበር ሲያስቀምጣቸው፣ የተንጠለጠለው የድምፅ ማጉያ ምንም ሳይሠራለት ንግግሩን በዝግታ ጀመረ፤ በጉዞውም ሁሉ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አልሰማሁትም።

ከከተማው ወጣ እንዳልን በጨለማ ያለፍነው ወለቃ ነው። በሸክላና በብረት ሥራ የታወቁት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ይኖሩበት የነበረ መንደር ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ከሌሎች ወገኖቻቸው ጋር ወደ እስራኤል ተሻግረዋል። አስጎብኚው ስለ ወለቃ የተናገረው ለሸክላው ሲል አልነበረም። የምንወጣበት ተራራ የዚሁ ሕዝብ ጥንታዊ ምሽግ እንደ ነበረ፣ የራሳቸው አለቆችና ነገሥታት እንደ ነበሩአቸው፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ሠርፀ ድንግል፣ በ17ኛውም መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ ከአምባ አምባ እየተከተሉ እንደ ወጉአቸው ሲነግረን፣ ገና ያላየነው ገደል አስቀድሞ በታሪክ ተሞላ። መምህሩም የዜና መዋዕሉን ነገር እየጨመሩ፣ አስጎብኚው ደግሞ ሽማግሌዎች የሚያወሩትን እያከለ፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲቀባበሉ ኮሶዬ ደረስን።

በኮሶዬ ነጋ። ከመንገዱ በስተግራ ምድር በድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ይህ የሰሜን ገደል መቅድም ነው እንጂ ሰሜን አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው የወገራ ደጋ ሜዳ ነው፤ ገብሱ ገና አረንጓዴ፣ አደዩ በየወሰኑ ቢጫ ሆኖ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቅዳሴ የሚሄዱ ምእመናን መንገዱን ሞልተውታል። ዳባት ስንደርስ ያ በቨርጂኒያ ያደገው ጎልማሳ መኪናው እንዲቆምለት ለመነ፤ ወርዶም የእናቱን የትውልድ ከተማ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ካየ በኋላ ምንም ሳይናገር ተመለሰ። ማንም አልጠየቀውም።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ከዚህ ወደ ቀኝ ታጥፎ የሚወጣው ፒስታ መንገድ ወደ ፓርኩ ሲሄድ፣ ወደ ፊት የሚቀጥለው ደግሞ ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ሰባብሮ የሠራው፣ ሾፌሮች ሁሉ ስሙን በፍርሃትና በአክብሮት የሚጠሩት የሊማሊሞ ቁልቁለት ነው። በጽሕፈት ቤቱ የመግቢያው ተከፍሎ፣ ስማችን ተመዝግቦ፣ አንድ ጠመንጃ ያነገቱ ስካውት ተመድበውልን ጉዞው ቀጠለ። ስካውቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ አስጎብኚያችን ‹አያ› እያለ በአንቱታ ሲያነጋግራቸው፣ እርሳቸው ደግሞ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከሚያሳዩን ይልቅ ዝም ብለው የሚያዩት ይበዛል።

ይህ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ የውጭ አገር ሊቃውንት ስለ ዋልያ መጥፋት ድምፃቸውን አሰምተው ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ የፓርኩ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው በዌልስ የተወለደው ሲ ደብሊው ኒኮል እዚህ የሠራበትን ዘመን በመጽሐፍ ጽፎታል፤ የስዊስ ሊቅ በርንሃርት ኒቨርጌልት የዋልያን ኑሮ ለብዙ ጊዜ ሲያጠና፣ ሌላው የስዊስ ተወላጅ ሃንስ ሁርኒ ደግሞ አፈሩ ከተዳፋቱ እርሻ እንዴት እንደሚታጠብና ጥንት በከፍታዎቹ ላይ የነበረው የበረዶ ግግር የተወውን ምልክት መርምሯል። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ፣ በዓለም ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ስፍራዎች መካከል ሰሜንና ላሊበላ አብረው ተገኙ። ጥበብን በእጁ ከድንጋይ የፈለፈለ ሕዝብና ድንጋዩን እንዲሁ የፈለፈለ ዝናም በአንድ መዝገብ መጻፋቸው ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ስለ ዝናም መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ከቡዪት ራስ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ፣ የአስታ ዛፍና የጅብራ ተክል ከሚታዩበት አፋፍ ላይ መኪናው ቆሞ ወደ ጫፉ በተራመድን ጊዜ፣ ከእግራችን ሥር እስከ 1,500 ሜትር የሚወርደው ገደል በአንድ ጊዜ ተገለጠ፤ ከታችም አምባው በአምባ ላይ፣ ሾጣጣው ከሾጣጣው ጀርባ፣ እስከ ተከዜ ተፋሰስና እስከ ዋልድባ አገር ድረስ ሰማያዊ እየሆነ በአድማስ ይጠፋል። ነርሶቹ ‹እግዚኦ› ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። አስጎብኚው ሁላችንንም ካስቀመጠን በኋላ በገደሉ ፊት ላይ በአግድም የተደረደሩትን መስመሮች በጣቱ እያሳየ አስረዳን። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው የቀለጠ ዐለት አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ በሺህ የሚቆጠር ሜትር ውፍረት ያለው ክምር ሠራ፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ፈሳሽ ዘመን ነው፤ በኋላም መሬቱ ከፍ ብሎ ሲነሣ ዝናምና ወንዝ ከሰሜኑ በኩል እየበላ ገባ፣ ጠንካራው ዐለት ቆሞ ቀረ፣ ለስላሳው ሄደ። ‹እነዚያ በቆላው የቆሙት አምባዎች እኮ› አለ፣ ‹እኛ የቆምንበት ደጋ ቁራጮች ናቸው። አልተነሡም፤ ዙሪያቸው ሄደ እንጂ።› ይህን እስኪነግረን ድረስ አምባዎቹ ከታች ወደ ላይ የበቀሉ መስለውን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያየሁት አገር ሁሉ ተለወጠ፤ ባዶ ይመስለኝ የነበረው አየር፣ በገደልና በገደል መካከል ያለው ያ ሰፊ ክፍት ስፍራ፣ አንድ ጊዜ በዐለት ተሞልቶ እንደ ነበረ ማሰብ ኅሊናን በአንክሮ የሚያስቆም ነገር ነው።

ጭላዳዎቹን ያገኘናቸው ከሳንቃ በር ጥቂት ወረድ ብሎ ነው። ሌሊቱን ነብርና ጅብ በማይደርሱበት በገደሉ ደረት ላይ አድረው፣ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው፣ ሁለት መቶ የሚያህሉ ሆነው ሣር ይነጩ ነበር። አስጎብኚው ቁጭ እንድንል፣ በጥርሳችንም እንዳንስቅላቸው አስጠነቀቀን፤ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ማሳየት የቁጣውና የማስፈራራቱ ቋንቋ ነውና። ተቀመጥን፤ እነርሱም እየተንፏቀቁ፣ በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው ሣሩን አንድ በአንድ እየቆረጡ፣ በመካከላችን አለፉ። ከዝንጀሮ ጋር ቢመሳሰሉም ከዝንጀሮ ወገን የተለዩ ናቸው፤ የቅርብ ዘመዶቻቸው የነበሩት በአፍሪካ በልዩ ልዩ ስፍራ በቅሪተ አካል ብቻ ሲገኙ፣ እነርሱ ግን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ በሕይወት ቀርተዋል። ከእንስሳ ወገን እንደ ሰው እጅ ያለው ሆኖ ምግቡ ከሞላ ጎደል ሣር ብቻ የሆነ ሌላ የለም።

ከነርሶቹ አንዲቱ በደረታቸው ላይ ስላለው ፀጉር የሌለበት ቀይ ስፍራ ጠየቀች። አስጎብኚው፣ ጭላዳ አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ስለሚውል ሌሎቹ በኋላቸው የሚያሳዩትን ምልክት እርሱ በደረቱ እንደሚያሳይ፣ በወንዱ ላይ መቅላቱ የብርታት፣ በሴቷ ላይ ደግሞ በዙሪያው የሚታዩት ዶቃ መሳይ እብጠቶች የመፀነሻ ጊዜዋ ምልክት እንደ ሆነ ሲገልጽ፣ በሕክምና ቋንቋ የሚናገሩት ሁለቱ ወጣቶች በጥያቄ ከበቡት። የቤተሰቡንም ሥርዓት እዚያው በዓይናችን አሳየን፤ አንድ ባለ ጎፈር ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው አንድ ቤት ሲሆኑ፣ ሚስት የሌላቸው ጎረምሶች ደግሞ ለብቻቸው ተሰብስበው አንድ ቀን ቤቱን ለመንጠቅ ይጠባበቃሉ። ሴቶቹ ካልፈቀዱ ግን ጎረምሳው ቢያሸንፍም ቤቱን አይገዛም። እማማ ይህን ሰምተው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ከሰሜን ገደሉን እንዲያይ ብመክርም ከሁሉ በላይ የምመክረው ይህን መቀመጥ ነው። በትልቅ አውቶቡስ የመጣ ሕዝብ ወርዶ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል፤ ጭላዳውም ወደ ጫፉ ይሸሻል። ስድስት ሰው ግን በሣሩ ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያህል ሳይናገር ሊቆይ ይችላል፤ በዚያች ሰዓት ውስጥ እናቲቱ ልጇን ስታጠባ፣ ጎረምሶቹ ሲደባደቡ፣ ሽማግሌው ብቻውን ፀሐይ ሲሞቅ፣ ያ የሚያጉረመርም የማያቋርጥ ጭውውታቸው በጆሮ ሲሞላ፣ እንስሳን ማየት ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባል።

ወደ ጅንባር ፏፏቴ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፣ ሆኖም በአስታው ጫካ መካከል ጠባብና ተዳፋት ነው። አስጎብኚው ከፊት፣ ስካውቱ ከኋላ ሆነው ወሰዱን። የጅንባር ወንዝ ከግጭ ሜዳ ወርዶ ወደ 500 ሜትር በሚጠጋ ቁልቁለት ወደ ጥልቁ ይጣላል፤ በጥቅምት ውሃው ሙሉ ነው፣ ነጩም ጅረት ታች ሳይደርስ ወደ ጉም ይለወጣል። ከገደሉ ማዶ ቆመን ስንሰማው ድምፁ ከምናየው ውሃ ዘግይቶ ይደርሰን ነበር።

ከሳንቃ በር ወደ ጨነቅ ሲሄዱ ከፍታው 3,600 ሜትር ይደርሳል፤ የዕፀዋቱም መልክ ይለወጣል። አስታው እያጠረ ሄዶ ያልቃል፣ የጓሳው ሣር ሜዳውን ይይዛል፣ ጅብራውም ብቻውን ይቆማል። ጅብራ ስለሚባለው ስለዚህ ተክል አስጎብኚው የተናገረውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ፣ ሌሊት ውርጩ ልቡን እንዳይገድለው ቅጠሉን አጥፎ እየዘጋ፣ ጠዋት እየከፈተ ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ ረጅም የአበባ ግንድ ያወጣል፣ ያብባል፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። በአጠገባችን የደረቁት ግንዶች፣ ገና ያላበቡት ትንንሾች፣ በሙሉ አበባ የቆሙትም በአንድ ሜዳ ላይ ነበሩ። በጓሳው መካከል የተረገጠ ጦስኝ መዓዛውን ሲሰጥ፣ እማማ ጥቂት ሊቀጥፉ ጎንበስ አሉ፤ አስጎብኚው ግን በፍቅር፣ ‹እማማ፣ የፓርኩ ነው፤ ከደባርቅ ገበያ እኔ ገዝቼ እሰጥዎታለሁ› ብሎ ከለከላቸው። ማታ በእውነት ገዝቶ ሰጣቸው።

ምሳችንን በጨነቅ በላን። እማማ የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው ይጾማሉ፤ ስለዚህ በሶና ሽሮ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሁላችንም ከእርሳቸው ማዕድ ተካፈልን። ሰፈሩን ቁራዎች ከበውታል፤ ወፍራም መንቁራቸውን አንገታቸው ላይ ካለው ነጭ ምልክት ጋር ያየ ሰው አይረሳውም። ከላይም አጥንት ሰባሪው ታላቅ አሞራ ያንዣብባል፤ ሌሎቹ አሞራዎች ሥጋውን በልተው የተዉትን አጥንት ወደ ሰማይ ይዞ ወጥቶ በዐለት ላይ ይለቀዋል፣ ወርዶም ስብርባሪውን ይውጣል።

ዋልያን ያዩልን ስካውቱ ናቸው። ያን ያህል ሰዓት ዝም ብለው የቆዩት ሰው እጃቸውን ብቻ ወደ ገደሉ ዘርግተው ‹ያው› አሉ። የርቀት መነጽሩ ተራ በተራ ሲዞር አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ፣ ወደ ኋላ የተቆለመመው ቀንዱ ከወገቡ ሊደርስ የቀረበ፣ ጢሙም የረዘመ፣ በጠባብ ዐለት ላይ ቆሞ አየነው፤ ከበታቹም ሴቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር ነበሩ። ግልገሎቹ የሚወለዱት ብዙውን ጊዜ ክረምቱ ሲወጣ ነውና በጥቅምት የመጣ ሰው ያያቸዋል። የዋልያን መኖር ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስታወቀው በ1820ዎቹ ዓመታት ሰሜንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ የአገሩ ሰው ግን ከእርሱ በፊት ለዘመናት ያውቀው ነበር። ዋልያ ከሰሜን በቀር በዓለም የትም የለም። የአገራችን የእግር ኳስ ቡድን ስሙን ተሸክሞ በየአህጉሩ ይጫወታል፤ በቆዳው ያለው ዋልያ ግን በዚህ ገደል ካልተገኘ ምድርን ሁሉ ቢዞሩ አይገኝም። በጠመንጃ መበራከት ምክንያት በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ 150 ገደማ ብቻ እስኪቀር ድረስ አልቆ ነበር፤ ጥበቃው ሲጠነክር በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ እንደገና በብርቱ ቀንሷል። ይህን ሲነግረን አስጎብኚው ዓይኑን ከገደሉ አላነሣም።

ከጨነቅ መንገዱ ወደ ቧሂት በር ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ይሳሳል፤ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንጻር እስትንፋስ የሚያገኘው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። መምህሩ ራሳቸውን ያማቸው ጀመርና አስጎብኚው ውሃ እያጠጣ፣ አሥር እርምጃ አራምዶ እያሳረፈ፣ ሌሎቻችንንም በእርሳቸው እርምጃ እንድንሄድ አደረገ፤ ሕመሙ ከበረታም ወዲያው ወደ ታች እንደምንወርድ አስቀድሞ ነገረን። በበሩ ላይ ስንቆም ከጥልቁ ከመሸሃ ሸለቆ ማዶ ራስ ዳሸን ታየን። በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ተብሎ የተማርነው በኋላ በተደረገው ልኬት 4,533 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል፤ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራነቱ ግን አልተነካም።

እዚህ ላይ መምህሩ ሕመማቸውን ረስተው አስተማሪ ሆኑ። በአዱሊስ ወደብ የቆመውን የአክሱም ንጉሥ የድል ጽሕፈት በ6ኛው ምዕተ ዓመት የገለበጠው ነጋዴው ኮስማስ፣ ንጉሡ ከወንዝ ማዶ የሰሜንን ሕዝብ እንደ ወጋ፣ አገራቸውም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚጠልቅበት በረዶ ያለበት ተራራ እንደ ሆነ የሚናገረውን ቃል ጠብቆልናል። አስጎብኚው ደግሞ ትውፊቱን ጨመረ፦ ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር በተመስጦ ላይ ሳለ የዐፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወጋው፣ ንጉሡም የጠየቀውን እንደሚፈጽምለት ሲምል ያሬድ የለመነው ከዓለም መለየትን ነበር፣ መጥቶም ቀሪ ዘመኑን በዚህ በሰሜን በምናኔ ፈጸመ። ወደ ደቡብም እጁን ዘርግቶ ደረስጌ ያለችበትን አቅጣጫ አሳየን። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በደረስጌ ማርያም ያሠራትን ቤተ ክርስቲያን ለራሱ ንግሥ አስቦ ሳለ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ድል ሆነና በእርሱ ፈንታ ደጃዝማች ካሣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ። የጃናሞራ ልጅ ይህን ሲያወራ የጎረቤቱን ነገር የሚያወራ ያህል ነበር፤ እውነትም የጎረቤቱ ነው።

በመመለሻችን የግጭ ሜዳ ከሩቅ ሲታየን ነገር ከበደ። በግጭ ለረጅም ዘመን የኖሩ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ፣ ከ400 በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ካሣ ተሰጥቶአቸው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበረ፤ የዋልያ መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ በመካከሉ ያለፈው መንገድ ምክንያት ሆነው ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ሲሰረዝ ከተቆጠሩለት ሥራዎች አንዱ የግጭ ሰዎች መነሣት ነው። ሜዳው ዳግም ጓሳ ለብሷል። ነገር ግን አስጎብኚው ከተነሡት መካከል ዘመዶች አሉት፤ በተዳፋት ላይ ገብስ ሲዘሩ የኖሩ፣ በግና በቅሎ እንጂ ከተማን የማያውቁ ሰዎች በአስፋልት ዳር መኖር ምን እንደ ሆነባቸው ያውቃል። ‹ሣሩም እውነት ነው፤ የእነርሱም እንባ እውነት ነው› አለ። እኔም ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኘሁም፤ አንዱን ጠቅሶ ሁለተኛውን የሚሰውር ዘገባ ግን ለሰሜን የታመነ አይደለም እላለሁ።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ እሳት የፓርኩን ጓሳና አስታ ሲበላ የደባርቅና የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ተዋግቶታል፤ በኋላም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ለእርዳታ መጡ። ቀጥሎ ወረርሽኙ፣ ከወረርሽኙም ቀጥሎ ጦርነቱ እንግዳውን አስቀረው። አስጎብኚዎቹ በተራ የሚሠሩ ናቸው፤ እንግዳ ሲጠፋ ተራው አይደርስም፣ ባለ በቅሎውም፣ ምግብ አብሳዩም፣ የበግ ፀጉር ቆብ ሠርተው በመንገድ ዳር የሚሸጡት ልጆችም አብረው ይራባሉ። የተራበ ሰው ደግሞ በገደሉ ላይ የቆመውን ዋልያ እንዴት እንደሚያይ ስካውቱ ነገሩን፤ ከእርሳቸው አፍ በዚያ ቀን የሰማነው ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ቀን እንኳ ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው የአገሩን አስጎብኚ ይዞ እንዲወጣ፣ ቆቡንም ሳይከራከር እንዲገዛ፣ በቅሎም ቢያስፈልገው እዚያው እንዲከራይ እለምናለሁ፤ የዋልያው ዕድሜ በእነዚህ ሰዎች እንጀራ ላይ ነው።

ደባርቅ በመሸ ጊዜ ስካውቱ ሲሰናበቱን፣ መምህሩ ዋልያ በቀንዱ ሲዋጋ የሚታየው መቼ እንደ ሆነ አስጎብኚውን ጠየቁት።

‹በመጋቢት ይምጡ፣ ጋሼ፤ ወንዶቹ ያኔ ነው የሚዋጉት› አለ።

‹በመጋቢት ዐቢይ ጾም ነው፤ ከዳገት ጋር አይሆንልንም› አሉ እማማ፣ ጦስኙን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ።

‹ከፋሲካ በኋላም ይደርሱበታል፣ እማማ፤ እስከ ግንቦት ይቆያል።›

‹እንግዲያው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይሁን› አሉ፤ መምህሩም ቀጠሮውን አጸኑ።